ፋኑን አጥፉት፣ ትሉ ሊመጣ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ጁስ ቤት አለ። ስሙን አልጽፍም። ከታች ስለ ስፒከሩ ክፉ ነገር መናገሬ አይቀርም፣ ባለቤትየዋ ደግሞ ዱቤ የምትይዝልኝ ሴት ናት። ለድሬ ልጅ ግን ምልክቱ ይበቃዋል። ከምድር ባቡር ጣቢያው ተነስቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር ትንሽ ሲኬድ አረንጓዴ የብረት በር አለ፣ በሩ ላይ የዶቃ መጋረጃ። ውስጡ ሰባት ጠረጴዛ፣ ሁለት የጣሪያ ፋን፣ አንድ 55 ኢንች ቴሌቪዥን።

ስለ ጁሱ ቶሎ ልናገርና ልለፍ። ሮቃው ግሩም ነው። ሮቃ ለማታውቁ፣ ጎምዛዛ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶ፣ ተጠልሎ፣ በስኳርና በበረዶ ይጠጣል። እዚህ ቤት ስኳሩን አያበዙትም፣ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ይነክሳል፣ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። አቮካዶው በማንኪያ የሚበላ ዓይነት ነው፣ ግን "ያለ ቪምቶ" ካላላችሁ ቪምቶ ያፈሱበታል። ሳምቡሳው ከ10 ሰዓት በኋላ ትኩስ ነው፣ ከዚያ በፊት የትናንት ነው። ድሮ በ50 ብር የምጠጣው ሮቃ አሁን 120 ገብቷል። ምን ይደረግ አቦ፣ ሁሉም ገብቷል።

ግን እኔና ጓደኞቼ ወደዚህ ቤት የምንሄደው ለጁስ አይደለም። ትሬለር፣ ማለት የሚመጣ ፊልም አጭር ማስተዋወቂያ፣ ለማየት ነው።

አባቴ ይሄን ሲሰማ ሳቀ። እሱ በወጣትነቱ እዚሁ ከዚራ አዳራሽ ውስጥ የህንድ ፊልም ያየ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ጀግናው ሲመታ ፉጨት፣ እናትየዋ ስትሞት ለቅሶ። "ለሦስት ደቂቃ ነው ሰው የሰበሰባችሁት?" አለኝ። አዎ፣ ለሦስት ደቂቃ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊልሙ ራሱ እኛ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በፍላሽ ይመጣል፣ በላፕቶፕ ይታያል፣ ብቻን ይታያል። ትሬለሩ ግን በወጣበት ቀን ይደርሳል። ሎስ አንጀለስ ያለውም ሰው ድሬ ያለውም ሰው እኩል የሚያየው እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ትሬለሩን እንደ ፊልም፣ በወግ፣ ተሰብስበን፣ ከፍለን እናየዋለን።

ቤቱን ለመመዘን ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው አንድ ቀን ነው። ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2015። የ"ዱን" (አሸዋው ውስጥ ግዙፍ ትል ያለበት የበረሃ ዓለም ፊልም ነው) ክፍል ሁለት የመጀመሪያው ትሬለር የወጣው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ማግስቱ አርብ የአርበኞች ቀን ስለሆነ ሥራ የለም። ስድስት ነበርን፦ እኔ፣ ፋርማሲ የምትሠራ ታናሽ እህቴ፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አረብኛ የምታስተምር ጎረቤታችን፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች። ከሁለቱ አንዱ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ በስልኩ አንብቦ ጨርሶታል። ይህን ሳይናገር አምስት ደቂቃ አያልፍም።

እኔ ለምን "ዱን" እንደምወድ ልንገራችሁ። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው እሱ ነው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲቆረጥ ቀዳዳው እርሳስ የሚያስገባ አይሆንም። ከሳቢያን ጉድጓዶች ተስቦ የመጣ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በድንጋይ መሃል ሾልኮ ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። በሚያዝያ ሙቀት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሮቶ ስፈታ፣ ላቤ ሸሚዜ ላይ ደርቆ ነጭ ጨው ይሆናል። እና አንድ ቀን ሰዎች ላባቸውን አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣ ልብስ ለብሰው በረሃ የሚሄዱበት ፊልም አየሁ። ስቲልሱት ይባላል። ሌላው ሰው የጠፈር መርከቡን ሲያይ እኔ የልብሱን ቱቦ አያለሁ። ቱቦው በአፍንጫ በኩል መግባቱ ትክክል ነው፣ በትንፋሽ የሚወጣውም ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል በ2021 በፈረንጆቹ ሲወጣ አንድ ትዕይንት ድሬን አሳብዷት ነበር፣ ማለት የኛን ጠረጴዛ። የበረሃው አለቃ ወደ መስፍኑ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። ጠባቂዎቹ ሰይፍ ሊመዙ ይደርሳሉ። ለካ ምራቁ ስጦታ ነው፤ ውሃ በሌለበት አገር ከሰውነትህ ውሃ ሰጠህ ማለት ነው። ባጃጅ ነጂው ይህን አስታውሶ የዚያን ዕለት ገና ስንገባ ወለሉ ላይ ጢቅ አለ። "ክብር ነው!" አላት ባለቤትየዋን። ወልዋዩን አምጥታ እጁ ላይ አስጨበጠችው። "አንተም ክብሬን ወልውል" አለችው። (ድሬ ውስጥ አንቱታ አይበረክትም። ሴትዮዋ ሃምሳን አልፋለች፣ እኛም "አንቺ" ነው የምንላት። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ደንግጦ ያየናል።)

ከዚያ ትሬለሩ።

የመጀመሪያው ዙር ከሸፈ። ዋይፋዩ ያዘን፤ ክብ ምልክቱ ልክ የዋናው ተዋናይ የቲሞቴ ሻላሜ ግንባር ላይ መዞር ጀመረ። ሁለተኛው ዙር ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ግን የለም። ማለት አለ፣ ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር ከተያያዙት ሁለት ስፒከሮች አንዱ ሞቷል። የተረፈው ደግሞ ከጣሪያ ፋኖቹ ጋር ይፎካከራል። ያ ፋን ተራ ፋን አይደለም። አንዱ ክንፉ ተጣሟል፣ በየዙሩ "ቸክ" ይላል። የሙዚቃ ደራሲው የሃንስ ዚመር ከበሮ፣ ቸክ። ተዋናይቷ ዜንዳያ ስታንሾካሹክ፣ ቸክ። መጽሐፉን ያነበበው ልጅ "ምን አለች? ምን አለች?" እያለ ፀጉሩን ይነጫል።

"ፋኑን አጥፉት" አለች አረብኛ አስተማሪዋ።

ድሬ ላልኖረ ሰው ይህ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመስለዋል። በሚያዝያ መጨረሻ፣ በተዘጋ ክፍል፣ ፋን አጥፉ ማለት ድፍረት ነው። ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጁሳቸውን ይዘው ተነስተው ወጡ። ባለቤትየዋ ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ቆማ ፊታችንን በተራ አየች። "ለሦስት ደቂቃ ብቻ" አላት ባጃጅ ነጂው። ቀጭ አደረገችው። ክንፎቹ ቀስ እያሉ፣ ቸክ፣ ቸክ፣ ቆሙ። ሙቀቱ ከጣሪያው እንደ ብርድ ልብስ ወረደብን። እህቴ "አሁን ያ ልብስ ያስፈልገኛል" አለች።

ሦስተኛውን ዙር በትክክል ሰማነው።

አሁን ስለ ትሬለሩ። በመጀመሪያ ጎረቤቴ ስለ ቋንቋው የምትለው ነበራት። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ የበረሃው ሕዝብ ሻላሜ የሚጫወተውን ልጅ "ማህዲ" ይለዋል፣ "ሊሳን አል ጋይብ" ይለዋል። ፈረንጅ ተመልካች የተፈጠረ ቃል ይመስለዋል። ድሬ ቁርኣን ቤት ያለፈ ልጅ ግን ይሰማዋል፦ ሊሳን ምላስ ነው፣ ጋይብ ከዓይን የተሰወረው ነው። ትሉን "ሻይ ሁሉድ" ሲሉት ደግሞ እሷ "ዘላለማዊው ነገር" ብላ ትተረጉመዋለች። በጣም ያሳቃት "ሙአዲብ" ነው። እዚያ የበረሃ አይጥ ነው። በአረብኛ ግን ሙአዲብ ሥርዓት የሚያስይዝ መምህር ነው። "የኔን ሥራ ለአይጥ ሰጡት" አለች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ "ቃሉን ወሰዱ፣ ባለ ቃሉን ግን ዋና ተዋናይ አላደረጉትም" አለች። መጽሐፍ አንባቢው ሊከራከራት ሞከረ። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

ባጃጅ ነጂው አሸዋውን ሲያይ "ይሄ ሽንሌ አይደል እንዴ?" አለ። አይደለም፣ ዮርዳኖስና አቡዳቢ ነው የተቀረጸው። ግን ሰውየው ሽንሌ ሲመላለስ ስለኖረ የአሸዋ ነገር እሱን ማታለል አይቻልም፣ አሸዋው እውነተኛ ነው ብሎ መሰከረ። ድንገት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ደግሞ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፦ "ቴሌቪዥኗ ተቃጠለች!" አልተቃጠለችም። ያ የጠላቶቹ ዓለም ነው። መላጣው ኦስቲን በትለር በዚያ አደባባይ ላይ ሲታይ ብርሃኑ እንግዳ የሆነው በኢንፍራሬድ ካሜራ ስለተቀረጸ ነው፤ ፀሐያቸው ቀለምን ትበላለች። ቆዳው እንደ ሻማ ነበር የሚመስለው። እህቴ "ይሄ ሰውዬ የደም ማነስ አለበት" አለች፣ ከፋርማሲ ልጅ የሚጠበቅ ነው። እሷ የመጣችው ለዜንዳያ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጥቂት ደቂቃ ብቻ አሳይተው ስለቀሟት ቂም ይዛ ነበር። ትሬለሩ ውስጥ ደጋግማ ስትታይ ቂሟ ወጣላት።

ትልቁ ጠብ የተነሳው ስለ ትሉ ነው። ልጁ አሸዋ ላይ ይቆማል። የአሸዋው ክምር ከሥሩ ይናዳል። ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ መንጠቆውን ይሰካል። ከዚያ በዚያ ግዙፍ ፍጥረት ጀርባ ላይ ሆኖ ለመቆም ይታገላል። መጽሐፍ አንባቢው ተናደደ። "የመጽሐፉን ታላቅ ነገር ትሬለር ላይ አወጡት! ድግሱን ሳይጠሩን ወጡን አስቀመሱን።" የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ወጡን አላስቀመሱንም፣ ሽታውን ነው ያስሸተቱን። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልነቭ እንዴት እንደሚወጣበት አሳየ፣ ወዴት እንደሚነዳው ግን አላሳየም። ጥሩ ትሬለር ማለት ለእኔ ይሄ ነው። መጥፎ ትሬለር ሠርግም ቀብርም አሳይቶ ይጨርሳል።

ግን የዚያን ቀን ያልጠበቅነው ነገር የመጣው ከእኛ ጠረጴዛ አይደለም።

ፋኑ ስለጠፋ ክፍሉ ጭር ብሏል። ትሉ ሊመጣ ሲል ከመሬት ሥር የሚሰማ ድምፅ አለ። አይጮህም። ዝቅ ያለ፣ የሚያንቀጠቅጥ፣ ከሩቅ የሚጀምር ነው። ያ ግማሽ የሞተ ስፒከር እንኳን ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ አንቀጠቀጠ። ባለቤትየዋ ከማብሪያ ማጥፊያው አልራቀችም ነበር። "ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ" አለች።

ማናችንም አልመለስንላትም።

"መጀመሪያ መኪና ይመስላል" አለች። "ከባድ መኪና። ከዚያ መሬቱ።"

ትሬለሩ ሳያልቅ ወደ ጓሮ ወጣች።

እኛ ሁላችንም የድሬ ልጆች ነን፣ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ ያቋርጡታል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ላይ ግን ጎርፍ ሆኖ መጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የዘነበው ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ ነው፤ ውሃው ቁልቁል መጥቶ የተኛ ሰው ላይ ደረሰ። እኔ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እሷ ማንን እንዳጣች አልጠየቅኳትም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅኳት።

አረብኛ አስተማሪዋ ቆየት ብላ፣ "እነሱ ጋ ከአሸዋው ውስጥ ትል ነው የሚመጣው። እኛ ጋ ውሃ" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም "ድገሙት" አላለም። ባለቤትየዋ ተመልሳ መጣች፣ ፋኑን አበራችው፣ ቸክ፣ "ሌላ ሮቃ?" አለች። ሁላችንም ጨመርን።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ፊልም ብዙ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ። ምስሉን ያደንቃሉ፣ ቁመቱን ያደንቃሉ። ድምፁን በትክክል የመዘነችው ግን ፊልሙን ያላየች አንዲት የጁስ ቤት ባለቤት ናት። ክፍል ሁለት በኋላ በድምፅና በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር አገኘ። የድምፁን እኔ ቀድሜ ሰጥቼው ነበር፣ በአንድ ስፒከር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። መጽሐፉን በፈረንጆቹ 1965 ያሳተመው ፍራንክ ኸርበርት ሐሳቡ የመጣለት አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ነው ይባላል። መንግሥት የሚንከባለለውን አሸዋ ሣር ተክሎ ሊያቆም ሲሞክር አይቶ ስለዚያ ሊጽፍ ሄደ፣ ጽሑፉ ቀርቶ ልብ ወለድ ሆነ። እኛ አካባቢ ደግሞ በረሃማነትን ይገታል ብለው ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ አስገቡ። አሁን እሾሁ ግጦሹን እየዋጠ ነው። በረሃ ላይ ዕቅድ ያወጣ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያነብ አይከፋም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ትሬለሩ መጨረሻ ላይ ቀን ቆርጦ ነበር፦ ኖቬምበር 3፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 2016። መጽሐፍ አንባቢው ቀኑን የጁስ ቤቱ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው፣ ተቆጥታበታለች። ከዚያ የሆሊውድ ተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ መቱ፣ ፊልሙ ወደ መጋቢት ተገፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ የካቲት 22 ተሳበ። የዓድዋ ዋዜማ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ አንዱ ቀን ተሰርዞ ሌላው ተጽፎ፣ ያም ተሰርዞ ሦስተኛው ተጽፎ፣ አሁንም እዚያው አለ። ከሳምቡሳው ዋጋ ሥር ስለሆነ እንግዳ ሰው የዋጋ ጭማሪ ይመስለዋል።

ፊልሙን ካየሁት ዘንድ ቅሬታዬን ልናገር። በላፕቶፕ፣ አልጋ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ አየሁት። እህቴ መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያ ትል መዳፌን አያህልም ነበር። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ ለአይማክስ፣ ለዚያ ግድግዳ ለሚያህል የሲኒማ ስክሪን፣ የተሠራ ነገር በ14 ኢንች አይመዘንም። አንድ ነገር ግን ትሬለሩ ሰውሮ አቆይቶልኝ አስደነገጠኝ። ዋሻ ውስጥ ትልቅ የውሃ ገንዳ አለ፤ ከሞቱ ሰዎች አካል የወጣ ውሃ ነው የተጠራቀመው። ተጠምተው እንኳን ጠብታ አይነኩትም። እኔ የሰው ቤት ገብቼ ሮቶ የሚያፈስ ሳይ የምናደድ ሰው ነኝ። ያን ገንዳ አቁሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። የሚያፈስበት ቦታ አላገኘሁበትም።

ስለ ቤቱ የቀረኝ ምክር ይኸው። ትሬለር ለማየት ምርጡ ሰዓት መብራት የጠፋበት ነው። ጓሮ ያለው ጄኔሬተር ትንሽ ስለሆነ ቴሌቪዥኑን፣ ዋይፋዩንና ጁስ መፍጫውን ብቻ ያነሳል፣ ፋኖቹን አያነሳም። ስለዚህ ሳትለምኑ ጸጥታ ታገኛላችሁ። ጄኔሬተሩ ይሰማል፣ ግን ከዚያ "ቸክ" ይሻላል። ፎጣ ያዙ። ከበሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ አየር አለው፣ ግን ስክሪኑ ላይ የመንገዱ ብርሃን ያንጸባርቅበታል። መሃል ተቀመጡ። ስፒከሩን እንድታሠራው ሦስት ዓመት ለምኜአታለሁ። "ለጁስ የመጣ ሰው ስፒከር ምን ይሠራለታል?" ትላለች፣ እውነት አላት።

የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ግን እኔ ነኝ የምሠራላት። ይንጠባጠባል። ፈትቼ ኖራውን በቢላ ፍቄ፣ ጎማውን ቀይሬ እገጥመዋለሁ፤ ዋጋዬ ሦስት ሮቃ ነው። ከሦስት ወር በኋላ መልሶ ይንጠባጠባል። ባለፈው ሳምንት እዚያ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ስለ ሦስተኛው ክፍል ከልጆቹ ሰምታ ኖሮ ጠየቀችኝ።

"ትሉ መቼ ነው ደግሞ የሚመጣው?"

"ታኅሣሥ 9፣ 2019 ብለዋል" አልኳት።

"እነሱ ያሉት ቀን ይያዛል እንዴ?" ብላ ግድግዳዋን አየች። "ለማንኛውም ትሬለሩ ያለ ቀን ፋኑን ራሴ አጠፋላችኋለሁ። ከዚያ እኔ ጓሮ ነኝ።"